ማውሱ እንቢ ባለ ቁጥር መሸሽ

ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ካቆመ ወዲህ በየዶርሙ አንድ ጭንቀት ገብቷል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል 8ኛው ትውልድ በፊት የተሠራውን ማሽን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ አይቀበልም፤ እኛ ደግሞ አብዛኞቻችን የያዝነው ከታላቅ ወንድም የተላለፈ ወይም አገልግሎ የተገዛ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ለተመዘገበ ሰው እስከ ኦክቶበር 2026 የሚዘልቅ ማራዘሚያ ቢፈቀድም፣ ማራዘሚያ ቀን መግዣ እንጂ መፍትሔ አይደለም። ስለዚህ ብዙ ጓደኞቻችን ሊኑክስ የተባለውን፣ በነጻ የሚታደለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም በላፕቶፓቸው ላይ ጫኑ። መልካም አደረጉ እላለሁ።

ዳሩ ግን ከጫኑት መካከል ሳምንት ሳይሞላቸው ወደ ቀድሞው የተመለሱ አሉ። እነርሱን «ምን አግኝቷችሁ ተመለሳችሁ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ያስገርማል። የሚፈልጉት ፕሮግራም ጠፍቶባቸው አይደለም፤ ኢንተርኔቱም እንቢ ብሏቸው አይደለም። መልሱ «ማውሱ አይሠራም» የሚል ነው።

ሊኑክስ አዋቂ ነን ባዮች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ለብዙዎቻችን ማውስ ማለት ኮምፒዩተሩ ራሱ ነውና። በትምህርት ቤትም ሆነ በኢንተርኔት ካፌ መጀመሪያ የተማርነው «እዚህ ጋ ተጫን፣ ቀጥሎ እዚያ ጋ ተጫን» የሚለውን ነው። ቀስቷ ስትቆም ዕውቀታችንም አብሯት ይቆማል፤ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም።

እኔ የምቃወመው ድንጋጤውን ሳይሆን ፍርዱን ነው። «ማውሱ አይሠራም» የሚለው አነጋገር ቢያንስ አራት ልዩ ልዩ በሽታዎችን በአንድ ስም ይጠራል፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አመመኝ» ብቻ ብሎ ዝም እንደማለት ነው። ሐኪም የቱ ጋ እንደሚያም ሳይጠይቅ መድኃኒት አያዝም። እኛ ግን የቱ ጋ እንደሆነ ሳንጠይቅ ላፕቶፑን በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና እንወስደዋለን፤ ቀዶ ጥገናውም «ፎርማት» ይባላል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ማውስ በጣም ጥቂት ነገር የሚያውቅ ዕቃ ነው። በገጹ ላይ የምትሄደውን ቀስት አያውቃትም፤ መስኮትና ፋይል የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም። የሚያውቀው የትኛው ቁልፉ እንደተጫነ፣ ወደ ጎን ምን ያህል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላም ምን ያህል እንደተገፋ ብቻ ነው። በዩ ኤስ ቢ ደንብ መሠረት ከሁሉ ቀላል የሆነው የማውስ መልእክት 3 ባይት ነው፤ አንዱ ስለ ቁልፎቹ፣ ሁለቱ ስለ እንቅስቃሴው ይናገራሉ። ይህን መልእክት ከርነል የሚባለው የሊኑክስ እምብርት ይቀበለዋል፤ ቀጥሎ ሊብኢንፑት የሚባለው ክፍል ይተረጉመዋል፤ በመጨረሻም ገጹን የሚሥለው ክፍል ቀስቷን ያንቀሳቅሳታል። እንግዲህ ቀስቷ የቆመችው ዕቃው ራሱ ሞቶ፣ ወይም ከርነሉ ሳያየው ቀርቶ፣ ወይም ከርነሉ ያየውን ከበላዩ ያለው ክፍል ሳይቀበለው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አራተኛውና እኔ በዶርም ውስጥ አብዝቼ ያየሁት ግን ሁሉም ደኅና ሆኖ ሳለ የእኛ ልማድ ከአዲሱ ቤት ደንብ ጋር አለመስማማቱ ነው።

በዚህ በአራተኛው ላይ ጥቂት ልቆይ። ብዙዎቻችን ከማውሱም ይልቅ የምንጠቀመው በላፕቶፑ ላይ ባለው ታችፓድ ነው፤ እርሱንም በጣታችን መታ እያደረግን መክፈት ለምደናል። ሊብኢንፑትን የሚሠሩት ሰዎች ግን ይህ መታ ማድረግ በአብዛኛው ማሽን ላይ ጠፍቶ እንዲመጣ ወሰኑ። ምክንያታቸውንም በመመሪያቸው ላይ አስፍረውታል፤ መታ ማድረግ የሚባል ነገር መኖሩን የማያውቅ ሰው ጣቱ በነካ ቁጥር ነገር ሲከፈትበት ማሽኑ የታመመ ይመስለዋል፤ የሚያውቅና የሚፈልግ ሰው ግን የት እንደሚያበራው አያጣውም ነው የሚሉት። ሐሳቡ ከሩቅ ሲታይ ትክክል ነው። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ መታ ማድረግን ሁላችንም እናውቃለን፤ የት እንደሚበራ ግን የሚያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ግኖም የተባለው የሊኑክስ ገጽ በማርች 2024 በወጣው 46ኛ እትሙ ይህን ደንብ ለውጦ መታ ማድረግ በርቶ እንዲመጣ አድርጓል። ሆኖም በጁን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 የያዘው 43ኛውን የግኖም እትም ስለሆነ እዚያ ላይ አሁንም ጠፍቶ ይገኛል።

ሌሎችም አሉ። የመካከለኛውን ጎማ የተጫነ ሰው ቀደም ሲል ምልክት ያደረገበት ጽሑፍ ሳያዝዝ ይለጠፍበትና «ቫይረስ ገባ!» ይላል። ቫይረስ አይደለም፤ በ1984 በኤም አይ ቲ ከተጀመረውና ኤክስ ከሚባለው የመስኮት ሥርዓት የተወረሰ የቆየ ልማድ ነው። አፕል የተባለው ኩባንያም በ2011 የገጹን መንሸራተቻ አቅጣጫ ሲገለብጥ የገዛ ደንበኞቹ ግራ ተጋብተው ነበር። ልማድ እንዲህ ነው። የራሱን ደጃፍ እንጂ የጎረቤቱን አያውቅም።

የዚህ ሁሉ ጣጣ ቀልድ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ባልጻፍኩም። አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ወዳጄ (ስሙን አላነሣም) ዴቢያን 12 ጫነ። ቀስቷ ትሄዳለች፤ ጣቱን መታ ቢያደርግ ግን የሚከፈት ነገር የለም። ታችፓዱን ከታች በኩል ጠንከር አድርጎ ቢጫን ኖሮ ይከፈትለት ነበር፤ ማን ይንገረው? ታችፓዱ ሞቷል ብሎ ከግቢ ውጭ ወዳለ ጥገና ቤት ወሰደው። ባለሙያ ተብዬው «ድራይቨር የለውም» አለና ፋይል ሳይገለብጥ፣ ባለቤቱንም ሳይጠይቅ፣ ዲስኩን ጠርጎ ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ ጫነበት። ወዳጄ ለመመረቂያ ጽሑፉ ከሽማግሌዎች ዘንድ እየዞረ በድምፅ የቀረጸው ቃለ መጠይቅ በዚያው ጠፋ። እንደገና ሄዶ ሊቀርጽ ጊዜውም የመሳፈሪያ ገንዘቡም አልነበረውም፤ ርእሱን ለወጠ። ቅጂ ማስቀመጥ ነበረበት የሚለኝ አይጠፋም፤ እውነት ነው፣ ግን እርሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። የዚህ ጥፋት መነሻ በሴቲንግ ውስጥ «ማውስና ታችፓድ» በሚለው ክፍል ያለች አንዲት ማብሪያ አለመነካቷ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ጥገና ቤቱን መውቀስ ቀላል ነው፤ የሚወቀስበትም አለ። ነገር ግን ራሳችንንም እንይ። በአንደኛ ዓመት ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የሚያስተምረውን ኮርስ ሁላችንም ወስደናል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ዕቃዎች በኢንተርኔት ስለሚነጋገሩበት ዘዴ ተምረን ተፈትነናል፤ ጥሩ ውጤት ያመጣንም አለን። እንግዲህ ዕቃ ከዕቃ እንዴት እንደሚነጋገር በፈተና ወረቀት ላይ ያብራራ ተማሪ፣ አንዲት ማውስ ከገዛ ላፕቶፑ ጋር መነጋገሯን በምን እንደሚያረጋግጥ ቢጠየቅ ዝም ይላል። ትርጓሜ ሸምድዶ ማለፍ እስከተቻለ ድረስ ይህ አይለወጥም፤ ለውጡንም ከመምህራን ብቻ መጠበቅ የለብንም።

ማውስን የፈለሰፈው ዳግላስ ኤንግልባርት ይህን ቢሰማ ያዝን ነበር ብዬ አስባለሁ። የመጀመሪያው ማውስ በ1964 በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በባልደረባው በቢል ኢንግሊሽ እጅ ሲሠራ ከእንጨት የተጠረበ ሣጥን ነበር፤ በሆዱም ሁለት ጎማዎች ነበሩት። ዲሴምበር 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ ሲያሳየው ቀኝ እጁ ማውሱን፣ ግራ እጁ ደግሞ አምስት ቁልፍ ያላትን ሌላ መሣሪያ ይዞ ነበር። አምስቷን ቁልፎች እያጣመሩ ፊደል መጻፍ ልምምድ ይጠይቃል፤ ኤንግልባርትም ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠረውም። ሰው የሥራ መሣሪያውን ሊማርና በእርሱም ሊበረታ ይገባል የሚል ሰው ነበርና። ሌሎች ከእርሱ በኋላ ነገሩን አቀለሉት፤ ማቅለላቸውም ለዓለም በጀ። ቢሆንም በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ እንኳ ባለ አንድ ቁልፍ ማውሱን አጠቃቀም የሚያስተምር ካሴትና ዲስክ አብሮት ይመጣ ነበር። ማውስ ሳይማሩት የሚታወቅ ዕቃ ሆኖ አያውቅም፤ የተማርንበት ቀን ስለተረሳን ነው አብሮን የተወለደ የሚመስለን።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። ማውሱ እንቢ ያለው ሰው መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው እጁን ከማውሱ ላይ ማንሣት ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ (የሊኑክስ ሰዎች ሱፐር ይሉታል) ይጫን፤ በእንግሊዝኛ ማውስ ብሎ ይጻፍ፤ ኢንተር ይበል። ሴቲንጉ ይከፈትለታል፤ በታብና በቀስት ቁልፎች እየሄደ በስፔስ ያበራል፣ ያጠፋል። ይህ ከባድ ነው የሚል ካለ በየዩኒቨርሲቲያችን ያሉትን ዓይነ ስውራን ጓደኞቻችንን ይመልከት። እነርሱ ጽሑፍ የሚያነብላቸውን ፕሮግራም እያዳመጡ፣ ማውስ ሳይነኩ፣ በኪቦርድ ብቻ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። እኛ በአንድ ቀን ችግር የምንጮኽበትን እነርሱ የዘወትር ሥራቸው አድርገውታል፤ እውነቱን ለመናገር በዚህ ጉዳይ ከእነርሱ የተሻለ አስተማሪ በግቢያችን አይገኝም።

በሴቲንግ ካልተፈታ ማሽኑን መጠየቅ ነው። ተርሚናል የሚባለው ጥቁር መስኮት ኡቡንቱ ላይ ኮንትሮል፣ ኦልትና ቲ አንድ ላይ ሲጫኑ ይከፈታል። እዚያ ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደሎች ኤል፣ ኤስ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ቢ ተብሎ ቢጻፍ በዩ ኤስ ቢ የተሰኩት ዕቃዎች በዝርዝር ይወጣሉ። ማውሱን ነቅሎ አንድ ጊዜ፣ ሰክቶ ሌላ ጊዜ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ዝርዝር በአንድ መስመር ከበለጠ ከርነሉ ዕቃውን አይቶታል፤ ጉድለቱ ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው። ካልበለጠ ሌላ ቀዳዳ መሞከር፣ ከዚያም ማውሱን በጓደኛ ላፕቶፕ ላይ መሰካት ነው፤ እዚያም ዝም ካለ ሊኑክስ ከክሱ ነጻ ነው። ገመድ አልባ ለሆነው ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በዝርዝሩ ላይ የሚወጣው የምትሰካዋ ትንሽ ተቀባይ እንጂ ማውሱ አይደለምና፣ ባትሪ ያለቀበት ማውስም ደኅና መስሎ ይታያል። በአምስት ደቂቃ ሁሉም ያልቃል፤ ከግቢ ወጥቶ ታክሲ ከመጠበቅ ያነሰ ነው።

ሁለት ብልሃተኛ በሽታዎችን ደግሞ ላንሣ፤ ጓደኞቼን ከሁሉ ያደናገሩት እነዚህ ናቸው። አንደኛው መብራት እየጠፋ ስላስቸገረን ባትሪ ለመቆጠብ የምናደርገው ነው። ፓወርቶፕ የሚባለው ፕሮግራም ያሉትን መቆጠቢያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲያበራ ቢታዘዝ፣ የዩ ኤስ ቢ ማውስ ሁለት ሰከንድ ያህል ካልተነካ እንዲያንቀላፋ ያደርገዋል። ተማሪው አንድ አንቀጽ አንብቦ እጁን ሲመልስ ቀስቷ ደንዝዛ ትጠብቀዋለች። በሽታውን ያመጣው መድኃኒቱ ነው፤ ለማውሱ ብቻ ቁጠባውን ማንሣት ይበቃል። ሁለተኛው ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን ያኖሩትን ባለ ብሉቱዝ ማውሶች የሚነካ ነው። ማውሱ ከላፕቶፑ ጋር ሲጣመር ሁለቱ የሚተዋወቁበት የምስጢር ቁልፍ ይፈጠራል። ዊንዶውስ ላይ አጣምሮ ቀጥሎ ሊኑክስ ላይ ያጣመረ ሰው ቁልፉን ለወጠ ማለት ነው፤ ወደ ዊንዶውስ ሲመለስ የድሮው ቁልፍ አይከፍትም። ያን ጊዜ አንዱ ሥርዓት ሌላውን አበላሸው እየተባለ ይወራል። አንዱም አንዱን አልነካም። በገመድ የሚሠራ ማውስ ግን ከዚህ ጭቅጭቅ ነጻ ነው፤ እኔም እርሱን እመርጣለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ መካሪዎቻችን ልናገር። በ1990ዎቹ ሊኑክስ ላይ ማውስ ማሠራት በእውነት መከራ ነበር። በየትኛው ቀዳዳ እንደተሰካና በየትኛው ደንብ እንደሚናገር ባለቤቱ ራሱ በእጁ በአንድ የማዘዣ ፋይል ውስጥ መጻፍ ነበረበት፤ ጎማውን ለማሠራት እንኳ ተጨማሪ መስመር ያስፈልግ ነበር። ያ ዘመን አልፏል። ኡቡንቱ ከአፕሪል 2021 እትሙ ወዲህ በአብዛኛው ማሽን ላይ የሚነሣው ዌይላንድ በሚባለው አዲስ የገጽ ሥርዓት ነው፤ ዌይላንድም ያንን የድሮ ፋይል አያነበውም። ምክሩ ግን ከነነፍሱ በየቦታው ተጽፎ ይገኛል፤ ጀማሪው ያገኘዋል፤ ቀን ሳያይ ይገለብጠዋል፤ ሱዶ የሚለውን የአስተዳዳሪነት ፈቃድ ከፊቱ አስቀድሞ ያስፈጽመዋል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ መካሪ ነው። ምክር ስትወስዱ መጀመሪያ የተጻፈበትን ዓመት፣ ቀጥሎ የትኛውን እትም እንደሚመለከት እዩ። ትርጉሙን የማታውቁትን መስመር ደግሞ አታስፈጽሙ።

ከመጥፎ ምክር የሚብሰው ግን ፌዝ ነው። በግቢያችን ሊኑክስ የሚያውቁ ልጆች አሉ፤ ዕውቀታቸውን አከብራለሁ። ዳሩ ግን ጀማሪ ሲጠይቃቸው «መመሪያውን አንብብ» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ይህንን ሥርዓት በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የ21 ዓመት ተማሪ ነበር። ኦገስት 25 ቀን ሥራውን ለሌሎች ሲያስታውቅ ሚኒክስ በተባለው የወቅቱ ሥርዓት ውስጥ ምን እንደሚወዱና ምን እንደሚጠሉ እንዲነግሩት ጠይቋል። ጀማሪው የጠየቀ ነው፤ ተከታዮቹ በምን ሥልጣን ጠያቂን ያባርራሉ? ደግሞም አስቀድመው «ሊኑክስ ሁሉ ነገር ላይ ይሠራል» እያሉ የሚሰብኩት እነርሱው ናቸው። ሁሉ ነገር ላይ አይሠራም። ከከርነሉ በኋላ ገበያ የወጣ አዲስ ላፕቶፕ ታችፓዱ ጨርሶ የማይታወቅበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ አዲስ እትም መጫን ወይም እስኪወጣ ድረስ ርካሽ የዩ ኤስ ቢ ማውስ መያዝ እንጂ ሌላ ብልሃት የለውም። ደግነቱ ይህ ችግር ከአዲስ ዕቃ ጋር የሚመጣ ነው። ሊኑክስ አሳምሮ የሚያውቀው እኛ የምናፍርበትን አሮጌ ላፕቶፕ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው፤ በጀትም አይጠይቅም። ኡቡንቱንና መሰሎቹን ከመጫን በፊት ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል፤ ዲስኩ ሳይነካ፣ አንዲት ፋይል ሳትጠፋ፣ ማውሱም ታችፓዱም ዋይፋዩም ይሠሩ እንደሆነ እዚያው ይታያል። ወዳጄ ይህን የሚያውቅ ጎረቤት ቢኖረው ኖሮ የሽማግሌዎቹ ድምፅ ዛሬ በእጁ ነበር። እንግዲህ ማኅበራችን በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ያስፈቅድ፤ የሚያውቁት ልጆች የተዘጋጀ ፍላሽ ይዘው ይቀመጡ፤ ለመጫን የመጣ ሁሉ አስቀድሞ ፋይሎቹን መገልበጡን ሳያሳይ ማንም እጁን ላፕቶፑ ላይ እንዳያሳርፍ። ኪቦርድ ብቻ እየተጠቀሙ መሥራትን እንዲያሳዩን ዓይነ ስውራን ጓደኞቻችንን እንጋብዝ፤ እንግዳ ሳይሆኑ አስተማሪ ሆነው ይቀመጡ። በቤተ መጻሕፍቱ የኮምፒዩተር ክፍል ካሉት አሮጌ ማሽኖች መካከል ሁለቱ ወይም ሦስቱ ሊኑክስ ይጫንባቸው ዘንድ ማኅበሩ ለኃላፊዎቹ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ከፈተና ሳምንት በፊት እንጂ በፈተና ሳምንት አይሁን።

ይህን የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እመልሳለሁ። የሚስማማ ደግሞ ስሙን ለዝግጅት ክፍሉ ይስጥ። ሲመጣ ከ8 ጊጋባይት ያላነሰ ባዶ ፍላሽ ይያዝ፤ አይሠራም ብሎ ሣጥን ውስጥ የጣለው ማውስ ካለም አብሮ ያምጣው።